የመስህብ ቁጥር ሰባት ፊት ወደ ወንዙ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ለከተማችን የመስህብና የገጽታ ግንባታ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው
አዲሱ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ወንዙ በደንብ የሚታይበት ክፍል

ጉዳዩ፦ አባቴን ስለማዞር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እየጠየቅሁ፣ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም፣ ለጸሐፊዎም ለሾፌርዎም፣ በሕንፃዎ መግቢያ ግራና ቀኝ ለቆሙት ሁለት የፕላስቲክ ዘንባባዎችም ጭምር ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። እኛ የታችኛው ሰፈር ሰዎች እስካሁን ደህና ነን። ደህና መሆናችንን በእርግጠኝነት የምናውቀው ግን ውሃው የት እንደደረሰ የሚነግረን ሰው ሲኖር ብቻ ስለሆነ፣ ውድ ጊዜዎን በዚህ ደብዳቤ ለመሻማት ተገድጃለሁ።

ራሴን ላስተዋውቅ። በማተሚያ ቤታችን ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አራሚ ሆኜ የሠራሁ ሴት ነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ አምና ያሳተመውን «በፀሐያማዋ የወንዝ ዳር ከተማ የሚታዩና የሚደረጉ ሃያ አንድ ነገሮች» የተሰኘውን መምሪያ ከመታተሙ በፊት ከሽፋን እስከ ሽፋን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ገጽ አሥራ አራት ላይ ስደርስ አባቴን አገኘሁት። ወረቀቱን ይዤ ወደ አለቃዬ ሮጬ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ አባቴ ነው፤ አሳቢ ምናምን አይደለም፣ ሥራ ላይ ነው» ብላቸው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው «አንቺ ፊደልሽን አርሚ፤ አባትሽን የሚያርም ሌላ ክፍል አለ» አሉኝ። ያንን ክፍል ዓመት ሙሉ ስፈልግ ኖሬ፣ እነሆ እርስዎ ሆነው ተገኙ።

አቤቱታዬን ከማቅረቤ በፊት ስለ አባቴ ጥቂት ማለት ይኖርብኛል፤ መምሪያዎ ስለ እሱ ካወጣው ውስጥ ትክክል የሆነው ፎቶው ብቻ ነው።

አባቴን ታችኛው ሰፈር በሙሉ «አባ ስድስት» ይለዋል። ወንዙ ዳር፣ ውሃው ውስጥ የቆመ፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ቁጥር የተጻፈበት የብረት ዘንግ አለ። አባቴ የውሃ ከፍታ ለኪ ሆኖ ከተቀጠረ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ውሃው የትኛው ቁጥር ላይ እንዳለ አይቶ በደብተር ይጽፋል፤ ከቁጥሩ አጠገብም ስለ ወንዙ ጠባይ አንድ ሁለት ቃል ያክላል። ወንዙን «እሷ» ነው የሚላት። «ሦስት፤ ጥርት ብላለች።» «አራት፤ ቡናማ፤ አኩርፋለች።» ስድስት ላይ የደረሰች እንደሆነ በአንገቱ ያንጠለጠላትን ፊሽካ ሦስት ጊዜ ይነፋል፤ ያኔ ታችኛው ሰፈር ፍራሹን፣ ዶሮውን፣ ሕፃኑንና ሽማግሌውን ይዞ ወደ ላይኛው ሰፈር ይወጣል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ስድስት ደርሳለች፣ አምስት ጊዜም ነፍቷል፤ ከሰፈራችን ሰው ቀርቶ ዶሮ ጠፍቶ አያውቅም። አንድ አውራ ዶሮ ጠፋ ተብሎ ነበር፤ በኋላ ላይኛው ሰፈር ትዳር ይዞ ተገኘ።

የቀጠረው የውሃ መሥሪያ ቤት ከዓመታት በፊት ከሌላ መሥሪያ ቤት ጋር ተዋሕዶ፣ የተዋሐደው ተከፍሎ፣ የተከፈለው ታጥፎ፣ በመጨረሻ ለአባቴ «ሌላ ትእዛዝ እስኪደርስዎ ድረስ በሥራዎ ይቀጥሉ» የሚል አንድ ወረቀት ልኮለት ተሰወረ። አባቴ ወረቀት አክባሪ ነው። ማኅተም ያለበት ወረቀት ከፊቱ ከተቀመጠ ተነሥቶ ሊቀበለው ይቃጣዋል። ሌላ ትእዛዝ ስላልደረሰው በሥራው ቀጠለ። እስከ እርስዎ ትእዛዝ ድረስ።

እንግዲህ አቤቱታዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ። ለጽሕፈት ቤትዎ ሥራ እንዲቀልለት በማሰብ የራሴን ተራ ቁጥር ትቼ የመምሪያውን ቁጥሮች ተጠቅሜአለሁ።

መስህብ ቁጥር 1፦ ፀሐይ።

ፀሐይን በከተማችን የመጀመሪያው መስህብ አድርገው ስለመዘገቡልን ከልብ እናመሰግናለን፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በማን ጥረት እንደምትወጣ አናውቅም ነበር። መምሪያው «የመጎብኛ ሰዓት፦ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ቀኑ አሥራ አንድ፤ ሰኞ ዝግ ነው» ይላል። በእርማቱ ጊዜ «ሰኞ ዝግ» የሚለው ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጌ ብልክ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ የተመለሰልኝ መልስ «ሁሉም መስህቦች ሰኞ ዝግ ናቸው፤ ለአንዱ ማድላት አይቻልም» የሚል ነበር። እኩልነት እስከዚህ ድረስ የተከበረበት ከተማ አላውቅም። ሰኞ ጠዋት ፀሐይዋ ያለ ፈቃድ ብቅ ስትል ባየሁ ቁጥር በእርስዎ ፈንታ እኔ እሸማቀቃለሁ።

ወንዙ ዳር የነበረው ትልቅ ዛፍ «መስህብ ቁጥር 1ን ይጋርዳል» ተብሎ መቆረጡንም በትሕትና ተቀብለናል። ጎብኚዎች በሙቀት ራሳቸውን እያዞራቸው መውደቅ ሲጀምሩ ደግሞ ጉቶው አጠገብ አንድ ጃንጥላ ተተክሎ «መስህብ ቁጥር 2፦ ጥላ» የሚል ታፔላ ተሰቀለለት። በአንድ መጥረቢያ ሁለት መስህብ መፍጠር ለሁሉም የተሰጠ ችሎታ አይደለም። አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዛፉ ሥር ሲቀመጥ ጥላ መሆኑን እንኳ ሳያውቅ ነው የኖረው፤ አሁን በምሳ ሰዓቱ ጥላው ዘንድ ለመድረስ ሰልፍ ይይዛል። ሰልፉ ያለው ፀሐዩ ላይ ነው።

መስህብ ቁጥር 4፦ ትንሿ ሐይቅ።

ይህቺ ሐይቅ በማተሚያ ቤታችን በር ላይ ያለች የመንገድ ጉድጓድ ስትሆን፣ ጥልቀቷ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነው። ይህንን የማውቀው ሳልወድ በግድ ነው። የመንገድ ሠራተኞች ሊደፍኗት ጠጠር ጭነው ሲመጡ አንድ ባለሙያዎ እያለከለከ ደርሶ «የውሃ አካል መድፈን በሕግ የተከለከለ ነው!» ብሎ መለሳቸው። አሁን ዙሪያዋን ሰንሰለት፣ ከፊቷ አግዳሚ ወንበር፣ ከጎኗ «መዋኘት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ አላት። ባለፈው ሳምንት አንድ የታክሲ ነጂ ጎማው ገብቶባት እዬዬ ቢል «የሐይቁን ፀጥታ በማወክ» ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። መስህብ ቁጥር 1 ደግሞ መስህብ ቁጥር 4ን በየቀኑ ስለሚያደርቃት፣ በየጠዋቱ ቦቴ መጥቶ ይሞላታል። በታችኛው ሰፈር ቧንቧው በጠፋ ቁጥር ባልዲያችንን ይዘን በር ላይ ቆመን ያንን ቦቴ በዓይናችን እንሸኘዋለን። ቅሬታ አይደለም፤ ስለ ሐይቋ ጤንነት አሳስቦኝ ነው።

መስህብ ቁጥር 7፦ አሳቢው አዛውንት።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ጨዋነቴ ቢጎድል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የተጠቀሰው ግለሰብ አሳድጎኛል።

የጽሕፈት ቤትዎ ፎቶ አንሺ፣ ያ በጥላም በፀሐይም ኮፍያውን የማያወልቀው፣ አባቴን በርጩማው ላይ ተቀምጦ ዘንጉን በጽሞና ሲመለከት አግኝቶት «አባባ፣ ምን እያሰቡ ነው?» ብሎ ጠየቀው። አባቴም ሥራውን ሳያቋርጥ «ሦስት ከግማሽ» አለው። ባለ ኮፍያው ለመጀመሪያ ጊዜ ኮፍያውን አወለቀ ይባላል። ቃሉ በፎቶው ሥር በትልልቅ ፊደል ታተመ፤ እኔም በገዛ እጄ «ስህተት የለበትም» ብዬ ፈረምኩበት፤ ፊደሉ ላይ በእርግጥ ስህተት አልነበረበትም።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከየአቅጣጫው የሚመጣ ጎብኚ አባቴ ፊት ቆሞ «ሦስት ከግማሽ» ምን ማለት እንደሆነ ይከራከራል። አንድ ባለ መነጽር ሰውዬ «ሰው በዕድሜው ከልቡ የሚወድደው ሦስት ሰው ከግማሽ ብቻ ነው ማለታቸው ነው» ብሎ ሚስቱን ሲያስረዳት ሰምቻለሁ። ሚስትየዋ «ግማሿ እኔ እንዳልሆን ብቻ!» አለችው። እሱ ትንሽ አሰበ። ማሰብ አልነበረበትም፤ የቀሩትን አሥራ አራት መስህቦች ለየብቻቸው ነው የጎበኙት።

ይህ ሁሉ ባልከፋ ነበር፤ አባቴም «ልጆች ናቸው፣ ይጫወቱ» ብሎ ችሎት ነበር። ነገር ግን «ጎብኚ የሰው ጀርባ ለማየት አልመጣም» የሚል ውሳኔ ከሦስተኛ ፎቅ ወረደ። በርጩማው ተነሥቶ ሲሚንቶ ላይ በብሎን ታሰረ፤ ፊቱን ወደ ከተማው፣ ጀርባውን ወደ ወንዙ አድርጎ። አብሮ የደረሰው ባለ ማኅተም ወረቀት «መስህቡ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከቦታው እንዳይነሣ፣ ወደ ኋላ እንዳይዞር፣ የማሰብ ሁኔታውንም እንዳያቋርጥ» ይላል። የውሃ ከፍታ ለኪን ጀርባውን ለውሃ ሰጥቶ እንዲቀመጥ ማድረግ፣ ክቡር ሆይ፣ ለእኔ ቢሰጡኝ በሕልሜም የማልደርስበት የአስተዳደር ጥበብ ነው።

«አባዬ፣ ዞር ብለህ ብታያት ምን ይሉሃል?» ብለው፣ «ወረቀቱ አይፈቅድማ» አለኝ።

«ታዲያ ስድስት ስትደርስ በምን ልታውቅ ነው?»

«እሱን እኮ ነው የማስበው» አለኝ።

በአራሚነት ዘመኔ ያልታረመ ስህተት ራሱ እውነት ሲሆን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መምሪያዎ ትክክል ሆነ፤ አባቴ አሳቢ ሆነ።

ለኪነቱን ግን አልተወም። ማየት ስላልቻለ ጎብኚዎችን መጠየቅ ጀመረ። «ልጄ፣ ከኋላዬ ውሃው የት ደርሷል?» ይላል፣ እርሳሱን ይዞ። አባቴ የሰማውን እንጂ ያልሰማውን አይጽፍም። የሰኔን ደብተር ገልጬ ያነበብኩትን ቃል በቃል ላቅርብልዎት፤ «ጠዋት፦ በጣም ያምራል። ቀትር፦ ዋው። ማታ፦ ባትሪዬ አለቀ።» በማግሥቱ፦ «ጠዋት፦ እኛ አገር ከዚህ ይበልጣል። ቀትር፦ እስከ ድንጋዩ። የትኛው ድንጋይ? ቆንጆው።» ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቁጥር ጎድሎበት የማያውቅ ደብተር እንዲህ ሆነ። አባቴ ግን ተስፋ አይቆርጥም፤ ከ«ዋው» አጠገብ በትንንሽ ፊደል «ምናልባት አራት» ብሎ ጽፏል።

መስህብ ቁጥር 9፦ የአበባው ዓምድ።

ቢዞርስ ምን ሊያይ? ዘንጉ ላይ የነበሩት ቁጥሮች «የዕቃ ዋጋ ስለሚመስሉ ጎብኚን ያስደነግጣሉ» ተብሎ ተፍቀው በምትካቸው ከላይ እስከ ታች አበባና ቢራቢሮ ተሥሎበታል። ሥዕሉ ያምራል፤ ይህንን በቅን ልብ ነው የምለው። አክስቴ «ግድ የለም፣ ላይኛዋ ቢራቢሮ ስትሰምጥ ስድስት ነው እንበል» የሚል ሐሳብ አምጥታ ነበር። ሠዓሊዎ ግን በየወሩ ሲያድስ ቢራቢሮዋን ሌላ አበባ ላይ ያሳርፋታል። ቢራቢሮ ስለሆነች ልንወቅሳት አልቻልንም።

መስህብ ቁጥር 13፦ የአሳቢው ፊሽካ።

ፊሽካዋ «የአካባቢውን ፀጥታ ትረብሻለች» ተብላ ከአባቴ አንገት ወልቃ፣ ዛሬ በሕንፃዎ ምድር ቤት በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ በቀይ ከፋይ ላይ ተኝታለች። ከመብራቷ ጋር ሲያዩዋት ልዕልት ትመስላለች። ሄጄ እንድትመለስ ብጠይቅ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛዎ በታላቅ አክብሮት አስተናግዳኛለች።

«ለምን ጉዳይ ነው የፈለግሽው እህቴ?»

«ለመንፋት።»

«ለመንፋት ከሆነ የሚነፋበትን ቀንና ሰዓት ጠቅሰሽ ከሰባት የሥራ ቀን በፊት ታመለክቻለሽ።»

«ወንዙ ስድስት የሚደርስበትን ቀን አልነገረንም እኮ።»

«እንግዲያውስ ወንዙ ያመልክት» አለችኝ፤ ቀጥላም ከኋላዬ ላለው ሰው «ቀጣይ!» አለች። እኔም የመሥሪያ ቤት ሥርዓት የገባው ሰው ስለሆንኩ ቅጹን ለወንዙ ወስጄለታለሁ። ተቀብሎኛል። እስካሁን አልመለሰውም።

መስህብ ቁጥር 8ን የዘለልኩት ረስቼው አይደለም። መስህብ ቁጥር 8 አክስቴ ስለሆነች፣ አክስቴ ደግሞ በተራ የምትገባ ሴት ስላልሆነች ነው።

የአባቴ ታናሽ እህት የልብስ አጣቢ ናት፤ የእንግዳ ማረፊያዎችን አንሶላ አጥባ ከሰፈራችን በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ታሰጣለች። መምሪያዎ «የነጭ ጨርቆች ትርዒት» ይለዋል። ፎቶው ላይ አሥራ አራት አንሶላ ስለታየ፣ በየቀኑ አሥራ አራት አንሶላ እንድታሰጣ ታዘዘች። እንግዳ ማረፊያዎቹ ግን በቀን አሥራ አራት አንሶላ አያቆሽሹም፤ ስለዚህ የጎደለውን ንጹሕ አንሶላ እያጠበች ትሞላለች። «ዕድሜዬን ሙሉ እድፍ ስታገል ኖሬ፣ አሁን ከንጽሕና ጋር ታገይ ተባልኩ» ትላለች። አንድ ቀን የግንበኛ ጎረቤታችንን አረንጓዴ ሱሪ ከአንሶላዎቹ መካከል አስጥታ ብትገኝ፣ «ያልተፈቀደ ቀለም ያለው ሱሪ በመስህብ ውስጥ ስለማስገባት» የሚል የመጀመሪያና የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ወረቀቱን አጣጥፋ ከሱሪው ኪስ ከተተችው፤ ሱሪውንም ከግንበኛው ለምና ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። «ምን ያደርግልሻል?» ብላት «ለክፉ ቀን ነው» አለችኝ። ሱሪ ለክፉ ቀን ምን ይሠራል ብዬ እስኪያመኝ ሳቅኩባት።

ክቡር ሆይ፣ አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ፤ ሰማዩ ከላይ አገር በኩል ሦስት ቀን ሙሉ ጠቁሮ ሰንብቷል። እዚህ በእርስዎ ጥረት ፀሐይ ነው፤ የዝናቡ ውሃ ግን በወንዙ በኩል ወደ እኛው ነው የሚመጣው።

አባቴን ወደ ከተማው ሲያዞሩት ፊት ለፊቱ ምን እንደሚያይ ጽሕፈት ቤትዎ አላሰበበትም። ወንዙ በአባቴ ጀርባ ያልፍና ታጥፎ፣ ዞሮ፣ ፊት ለፊቱ በአዲሱ ሕንፃዎ ደረጃ ሥር ይመጣል። ሕንፃው ለእይታ እንዲመች ከሁላችንም ቤት ይበልጥ ወደ ውሃው ተጠግቶ ስለተሠራ፣ ስድስት ነጫጭ ደረጃዎቹ እስከ ውሃው ይወርዳሉ። አባቴ አንድ ቀን እያሰበ ሳለ፣ በታዘዘው መሠረት ማለት ነው፣ ቁጥሮቹ ከመፋቃቸው በፊት ወንዙ አራት ላይ ሲሆን ከታች ሁለተኛውን ደረጃ ይነካ እንደነበር ትዝ አለው። አምስት ሲሆን ሦስተኛውን። ስለዚህ ስድስት ማለት አራተኛው ደረጃ ነው። ያን ዕለት ማታ ዓመት ሙሉ ያላየሁትን ፈገግታ ፈግጎ «አገኘኋት! ቢሯቸው ዘንግ ሆነልኝ» አለኝ። ከወር ወዲህ ደብተሩ ላይ «ዋው» የለም። ሕንፃዎ ለታችኛው ሰፈር የሰጠው አገልግሎት ይህ የመጀመሪያው ስለሆነ ላመሰግንዎት እወዳለሁ።

ስለዚህ ማየቱ ተገኝቷል፤ የጎደለው መናገሩ ነው። አባቴ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቢጮህ ድምፁ ጃንጥላውን አያልፍም። የዛሬ ማክሰኞ ማታ ጽሑፉ «ሦስተኛው ደረጃ፤ ቡናማ፤ ቸኩላለች» ይላል። በታችኛው ሰፈር አርባ ሦስት አባወራ አለ፤ ከነዚህ መካከል አንዱ ቤት የእኔ ነው፤ እዚያ ቤት ውስጥ አልጋ ላይ የምትውል እናቴ አለች። እሷን አንሥቶ ዳገቱን ለማውጣት አራት ሰውና ግማሽ ሰዓት ያስፈልጋል። ፊሽካዋ ያንን ግማሽ ሰዓት ነበር የምትሰጠን።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፀሐይዋን ሰኞም ይክፈቱልን አልልም። ሐይቋን አልነካም። ቢራቢሮዋም እንዳሻት ትረፍ። አባቴን ወደ ወንዙ ያዙሩልኝ፤ ይህ ከብዶ ከታየ ብሎኑን የሚፈታ ሰው ከነመፍቻው አዘጋጅቻለሁ። ከዚያም በፊት ግን፣ ከዚያም በላይ፣ ፊሽካዋን ይስጡን።

ይህንን ሁሉ በትዕግሥት እንደሚያነብቡልኝ በማመን፣ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ ማኅተምዎ የማይደርቅ፣ መስኮትዎ ሁልጊዜ ወደ ወንዙ የሚመለከት እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሣለሁ።

የመስህብ ቁጥር 7 ልጅ፣ የመስህብ ቁጥር 8 የወንድም ልጅ፣
የመስህብ ቁጥር 4 የቅርብ ጎረቤት፣
አራሚዋ

ግልባጭ፦
ለታችኛው ሰፈር ነዋሪዎች
ለማተሚያ ቤቱ አለቃዬ (ፊደሉ ታርሟል)
ለወንዙ (ከቅጹ ጋር ተያይዞ እንዲታይ)

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤው ከታሸገ በኋላ መክፈቴን ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ ረቡዕ ነው።

ቀትር ላይ አራተኛው ደረጃ ረጠበ። አባቴ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰዓቱ በፊት ከበርጩማው ተነሥቶ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «ስድስት!» ብሎ ጮኸ። ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ። አንዲት ሴት «ከሦስት ከግማሽ ወደ ስድስት! እግዜር ይመስገን፣ ልባቸው ሰፋ» ብላ ዕንባዋን ጠረገች። በዚሁ ጊዜ ተዳፋቱ ላይ፣ ከአሥራ አራቱ ነጫጭ አንሶላዎች መካከል፣ አንድ አረንጓዴ ሱሪ ተሰቀለ።

ለካ አክስቴ ባለፈው ሳምንት በእጅ ምልክቱ ከአባቴ ጋር ተስማምታ፣ በየቤቱ ዞራ «በገመዴ ላይ አረንጓዴ ሱሪ ያያችሁ ዕለት ምን ሆነ አትበሉ፣ ውጡ» ብላ ነበር። ለእኔ ብቻ ለምን እንዳልነገረችኝ ብጠይቃት «አንቺ ለቢሮ ትጽፊያለሽ፤ ቢሮ ከሰማ ሱሪውን ሣጥን ውስጥ ያስገባዋል» አለችኝ። እናቴ በግንበኛው ጀርባ ላይ ሆና «ሱሪህን ስለሰጠህ ተባረክ» እያለች ዳገቱን ወጥታለች። አርባ ሦስቱም ቤት ባዶ ነው። ጎብኚዎቹንም ይዘናቸው ወጥተናል፤ ፍራሽ ተሸክመው ነው የወጡት፤ «የሚደረጉ ነገሮች» ከሚለው ክፍል እስካሁን የወደዱት ይህንን እንደሆነ ነግረውኛል።

እኔ ይህንን ደብዳቤ ይዤ ወደ ሕንፃዎ ሮጥኩ። ስድስተኛው ደረጃ ላይ የቆመው ዘበኛዎ «የሕዝብ አቤቱታ የምንቀበለው ማክሰኞና ሐሙስ ነው» አለኝ። እግሩ ሥር ያለውን ውሃ አሳየሁት። ሄዶ ጠይቆ ተመለሰና «በስብሰባ ላይ ናቸው፤ ማንም እንዳይገባ ብለዋል» አለኝ። ዘበኛውን እጁን ይዤ ወደ ላይ ወስጄዋለሁ፤ አይቆጡት፣ ስድስት ልጆች አሉት። ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልዬ አምስተኛው ደረጃ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አባቴ እንዳሰላው ከሆነ ወንዙ በአንድ ሰዓት ውስጥ እዚያ ይደርሳል፤ እሱም ተራ ሳይጠብቅ ወደ ውስጥ ያደርስልኛል።

እርስዎ ሦስተኛ ፎቅ ስለሆኑ ለሕይወትዎ አንሰጋም፤ ከሕንፃው መውጣት ከፈለጉ ግን የውጭው ደረጃ እንደማያስወጣዎት ዘግይተው ይረዱት ይሆናል። እንዲህ ከሆነ፣ ውሃው ምድር ቤት ካለው ሣጥን ዘንድ ሳይቀድምዎት ወርደው መስታወቱን ይስበሩና ፊሽካዋን ሦስት ጊዜ ይንፉ። አባቴ ጀልባ ይዞ ዳገቱ ሥር ተቀምጧል፤ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ። ይሰማዎታል፤ ይመጣልዎታልም። ማመልከቻ አንጠይቅም።